የጋሽ ይመር ፎይል

ፎይል ሲቀደድ የሚያሰማው ያ ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ ደሴም ያው ነው። የምሠራበት ምግብ ቤት ጥብስ ስጠቀልል በሰማሁት ቁጥር ዐረብ አገር፣ ደማም፣ አል ባዲያ ሰፈር፣ ልጅ ሆኜ እንኖርበት የነበረው ፎቅ ጣሪያ ላይ እገኛለሁ። ጋሽ ይመር ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የከብሳ ሩዝ መጠቅለያውን በቀጭኑ ይሸነሽናሉ።

ጋሽ ይመር አገራችን ባሕር በነበራት ዘመን የጦር መርከብ ላይ ያገለገሉ የወሎ ሰው ናቸው። እኔ ሳውቃቸው ግን ገበያ ውስጥ ዓሣ ይፍቁ ነበር፤ አቤት ሽታቸው! ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላቸውም። እማም አሠሪዋ ካፊል ጠፋች ብሎ አመልክቶ ሁሩብ ካስመታባት ወዲህ የላትም። እኔማ እዚያው ተወልጄ ወረቀት የሚባል ነገር አላውቅም።

ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ተዋጊ ጄቶች ወደ ኹበር በኩል እያጓሩ ሲያልፉ ሽቅብ አንጋጥጣለሁ። ጋሽ ይመር ይስቁብኛል።

“ምን ያንጋጥጥሻል? መርከብ የሚመታው እንዲህ እየጮኸ አይመጣም። ውኃውን ሊልስ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣ። ባሕር ጎባጣ ነው፤ ራዳር ከጉብታው ማዶ አያይም። ብቅ ይልና ሚሳይሉን ለቆ ይመለሳል። አንቺ ስትባንኚ እሱ ቤቱ ገብቶ ሻይ ይጠጣል።”

ከዚያ የቱና ጣሳ ሳፋ ውኃ ላይ ያንሳፍፉና ፎይሉን ይበትኑታል። ሚሳይሉ ብልጭልጩን መርከብ መስሎት ወደዚያ ይታለላል፣ መርከቧ ታመልጣለች።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ፎይሉ ይሰምጣል።”

“ሌላ ሚሳይል ቢመጣስ?”

“ሌላ ፎይል ካለሽ ትበትኛለሽ።”

“ከሌለኝስ?”

“ኸላስ።”

ወይ ጉድ፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይወራል? ተናድጄ ሳፋውን ደፋሁት።

የአፈሳው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት ኢቃማ የሌለውን የሚለቅሙት ፖሊሶች፣ ጀዋዛቶች፣ የፎቁን የፊትና የኋላ በር ያዙ። ከተያዝን ኑሯችን አበቃ። ጋሽ ይመር ከጣሪያ ወርደው በራችን ላይ ቆሙ።

“እኔ ስጮኽ ልጅሽን ይዘሽ በኋላ በር።”

“ኧረ አይሆንም ጋሼ! እርስዎስ?”

“አብሽሪ፣ ለጊዜው ነው።”

ያ ደረጃ እንኳ “ያ አላህ” እያለ የሚወጣ ጉልበት! “ማፊ ኢቃማ!”፣ ኢቃማ የለኝም፣ እያሉ በነጠላ ጫማ በፊት በር ጀዋዛቶቹን ጥሰው ሮጡ። በኋላ በር የቆመው ሳይቀር ተከተላቸው። እኛ አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ የእማ ጓደኛ ቤት ደረስን። እኔ ሞኟ መንገድ ላይ እስቅ ነበር፤ ፎይሉ ሠራ ብዬ።

ወሩ ሳይወጣ እዚያም መጡ። የሚሮጥልን ሰው አልነበረም።

ወደ አገር የሚመለሰው ሁሉ የሚታጎርበት ተርሂል ገባን። በሽቦው ማዶ ከወንዶቹ መሐል አየኋቸው። ጢማቸው አድጓል፤ የብስኩት ወረቀት እየሸነሸኑ ለወጣቶች ያወራሉ። “ጋ…” ከማለቴ እማ አፌን አፈነችኝ፣ ሻርፗንም ሁለታችን ላይ ጣለችው።

“ዝም በይ! እንዳያዩን። እኛ እንዳመለጥን እያሰቡ ይኑሩ።”

ሻርፑ ውስጥ እያለቀስን ተጠርተው ወጡ። የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልሰማንም። በሕይወት ካሉ፣ እማና እኔ ደማም ያለን ይመስላቸዋል።