የጓሮዋ ክፍል የማን ናት?

ባለፈው ሳምንት፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ አንድ ወጣት የግብር ገማች ሰፈራችን መጣ። አዲሱን የቤት ግብር ግምት ለመሥራት በየግቢው እየዞረ ነው። የእኛን ቤት በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ብሎኬት መሆኑን አረጋገጠ፣ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። በመጨረሻ ጓሮ ሲደርስ አንዲት ክፍል አየና ቆመ። በሯ የሚከፈተው ወደ እኛ ግቢ ነው፤ የተሠራችው ግን በንድፉ ላይ ከወሰናችን ወዲያ፣ በጎረቤቴ በጉሌድ ይዞታ ላይ ነው።

«ይቺ የማን ናት?» አለ።

ጉሌድም የራሱን ቤት ሊያስለካ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ከሰባት ዓመት በፊት ሌላ ገማች እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ያን ገማች የጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ እንደማያሰኝ አውቃለሁ። ግን ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ስለጀመረ፣ ተማሪዎቼም ጋሼ ስለሚሉኝ፣ ስለ ልጅነቴ ጅልነት ማውራት የተፈቀደልኝ ይመስለኛል። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ የአማርኛ መምህር ሆኜ፣ ወደተወለድኩባት ጅግጅጋ ተመልሼ ነበር። አባቴም መምህር ነበር፤ ከወሎ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። እናቴ በልብስ ስፌት አሳደገችን።

ጉሌድ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አብሮኝ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። የአማርኛ የቤት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከእኔ ነበር የሚገለብጠው። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎ ውጫሌ ወረደና ሩዝና ፓስታ ማመላለስ ጀመረ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ እሱ አይሱዙ ገዝቶ ነበር። በዓመቱ የእናቱን የጭቃ ቤት አፍርሶ ጂ ፕላስ ዋን አቆመ። መስኮቶቹ ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ናቸው።

ስለዚያ መስታወት ሳልናገር አላልፍም። ማታ ማታ ፀሐይ በካራማራ ተራራ በኩል ስትጠልቅ ብርሃኗ በቀጥታ ፎቁ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ተመልሶ በእኛ ሳሎን መስኮት ገብቶ ግድግዳውን፣ ሶፋውን፣ የተመረቅኩበትን ፎቶ ሳይቀር ሰማያዊ ያደርገዋል። እናቴ ትወደው ነበር። ስፌቷን ትታ ትመለከተዋለች። እኔ ተነስቼ መጋረጃውን እዘጋለሁ።

«ይሄ ብርሃን ምን አደረገህ?» ትለኛለች።

«ዓይኔን ወጋኝ።»

ዓይኔን ሳይሆን ሌላ ነገሬን ነበር የሚወጋኝ። ከእናቴ አፍ ጉሌድ አይጠፋም ነበር። የውኃ ሮቷችን ቢያፈስ ጉሌድ ጠግኖታል፤ ሀብሀብ ከሀርሺን ገጠር ቢመጣለት ግማሹን ለእኛ ልኳል፤ ለእናቱ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አስነጥፏል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «እኔስ?» አልኳት። ቀና ብላ በፍቅር አየችኝና «አንተማ አስተማሪ ነህ፣ ልጄ» አለችኝ። ማጽናኛዋ ነው አንጀቴን ያሳረረው። እኔ ለእርሷ ሴራሚክ አይደለም፣ የበር ቁልፍ እንኳ አልቀየርኩላትም ነበር።

መስከረም ላይ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ልከፍል ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። አቧራውን የሚያስነሳው ነፋስ ጀምሯል። ሰልፉ ከመስኮቱ እስከ ውጭው በር ይደርሳል፤ ሳምቡሳ ሻጯ በሰልፉ ዳር ዳር እየሄደች ትሸጣለች። ተራዬ ሲደርስ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ትልቅ ሴት፣ የቤት ቁጥራችንን አጣችው። ትልቁን መዝገብ ገልብጣ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ ዓይንህ ደህና ነው፣ ፈልገው።»

መዝገቡ በሶማሊኛ ነው የተጻፈው። የአባቴን ስም አገኘሁት። ከሥሩ የጉሌድ እናት የኤዶ ሀሊማ ስም አለ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራት። በእኛ መስመር ላይ ብሎኬት፣ ሦስት ክፍል ይላል። በእሷ መስመር ላይ ጭቃ፣ ሁለት ክፍል፤ ጓሮ፣ ብሎኬት፣ አንድ ክፍል። የግብሩን ዓምድ ሳይ የእኛ ከእነሱ ይበልጣል። ደግሜ አየሁት። ያ ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ከእኛ ቤት ያነሰ ይከፍላል!

«ይሄ እንዴት ይሆናል?» አልኳት፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ።

«ግምት ማለት ገማቹ በሄደ ቀን ያየው ነው» አለች መነጽሯን አውርዳ። «ቦታው ያለበትን ደረጃ ያያል፣ ስፋቱን ይለካል፣ ግድግዳና ጣሪያው ከምን እንደተሠራ ይጽፋል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቢያድግ መዝገቡ በምን ያውቃል? የራስህ ቤት በዝቶብህ ከሆነ ቅሬታ አስገባ። የሰው መስመር አትመልከት።»

እኔ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም። በእነሱ መስመር የተጻፈችው የጓሮ ብሎኬት የትኛዋ እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኩም። ኤዶ ሀሊማ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል እንደሌለ ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ልጅ ሆነን ድብብቆሽ ያልተጫወትንበት ጥግ የለም። ቅናት ግን ንባብ ያጠፋል መሰለኝ፣ ዓይኔ የብሩ ዓምድ ላይ ብቻ ተተክሎ ቀረ።

ቤት ገብቼ ጻፍኩ። መቼም እንደዚያ ያማረ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። «ፎቁ ሽቅብ ሲመዘዝ መዝገቡ ግን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ የአንድን ቅን ዜጋ ኅሊና እረፍት ይነሳል» የሚል አረፍተ ነገር ነበረበት። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ስሜን አልጻፍኩም፤ ከታች «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ብዬ ዘጋሁት። በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ከተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ከትቼው እያፏጨሁ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገማቾች መጡ። ሜትር የያዙ ሁለት ልጆችና አንድ አለቃ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አለቃው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «ጥቆማ ደርሶን ነው» አለ በሶማሊኛ። «በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ ደግሞ ከባድ አማርኛ ነው። ማነው የሚያነብልን?»

ወረቀቱን ለጉሌድ ሰጠው። ጉሌድ አየው። እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«መዓሊን፣ አንተ አንብበው» አለ። መዓሊን መምህር ማለት ነው፤ ከተመረቅኩ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

የራሴን ክስ በራሴ አፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት አነበብኩት። «ኅሊና እረፍት ይነሳል» ላይ ስደርስ ፈጥኜ አለፍኩት። ከዚያ አለቃው «ተርጉመው» አለኝ።

«ያው… ግምቱ ቢታደስ ጥሩ ነው ይላል» አልኩ በሶማሊኛ።

«ትክክል ነው» አለ ጉሌድ። አማርኛውን ከእኔ እኩል ይሰማል። «እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ማነው የጻፈው?» አለች ኤዶ ሀሊማ።

«ስም የለውም፣ ሆዮ» አላት ጉሌድ እናቱን።

ለኩ። ፎቁን ለኩ፣ ሴራሚኩን ጻፉ፣ መስታወቱን ቆጠሩ። ጉሌድ መሰላል ሳይቀር ያዘላቸው። ከዚያ ሜትሩ ወደ ጓሮ ዞረና አለቃው ያቺን ክፍል አገኘ። እናቴ ለነርስነት ተማሪዎች የምታከራያት ክፍል ናት። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእሷ ኪራይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እህቴ ሐረር የምትማረው በእሷ ነበር።

«ይቺ ክፍል የቆመችው በሀሊማ ይዞታ ላይ ነው» አለ አለቃው ንድፉን እያየ። «በሯ ግን እዚህ ነው። የማን ናት? በሰው ይዞታ ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ ይፈርሳል።»

እናቴን አየኋት። የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ናት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«የእኔ ናት» አለች ኤዶ ሀሊማ። ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም፤ የሻይ ዋጋ የምትናገር ነው የምትመስለው። «ከድሮም በስሜ ተጽፋለች፣ መዝገብህን እይ። ግብሯን እኔ ነኝ የምከፍለው። የሺ ታከራይልኛለች» አለች ወደ እናቴ እየጠቆመች።

አለቃው መዝገቡን አየ። ጓሮ፣ ብሎኬት፣ አንድ ክፍል። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በዚያ ዓመት የጉሌድ ቤት ግብር ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ የእኛ ባለበት ቀረ።

የዚያን ቀን እራት ላይ እናቴ ነገረችኝ። አባቴ ሲሞት ኤዶ ሀሊማ አጥሯን አፍርሳ ወደ ራሷ ግቢ ገባ አድርጋ ሠራች። አጥሩ ሲገፋ አይቻለሁ፤ የሐዘን ወቅት ስለነበር ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እኛ የነበረን ግቢ ለሌላ ክፍል አይበቃም ነበርና «እዚህ ላይ ሥሪ፣ ልጆችሽን አሳድጊ» አለቻት። ገማች ሲመጣ ደግሞ እንዳይፈርስ በስሟ አስጻፈችው። በየዓመቱ የከፈለችውን ግብር አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ሳህኗን ገፋ አደረገች። «በዚህ ረድፍ አማርኛ የሚጽፍ ስንት ቤት አለ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልመጣልኝም ነበር። ስሜን ደብቄ፣ አሥራ አንድ ቤት ባለበት የሶማሌ ሰፈር ውስጥ በአማርኛ ጽፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ! ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ እንኳ አውቋል ማለት ነው። ማንም ግን ቃል አልተነፈሰም። በማግሥቱ ጉሌድ እንደወትሮው «መዓሊን፣ ገበያ ላድርስህ?» አለኝ።

ያፈርኩ ብቻ ብመስላችሁ ደስ ባለኝ። አፍሬያለሁ፤ ግን ከሐፍረቱ ሥር የበለጠ ቀናሁ። ፎቁ ሳያንሳቸው ደግነቱንም እነሱ ወሰዱት፤ ለእኔ ምን ተረፈ እያልኩ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

እና ባለፈው ሳምንት ወጣቱ ገማች ስልኩን እንደያዘ ይጠብቃል። ኤዶ ሀሊማ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እናቴ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ ትሰማለች። እኔ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። «የእነሱ ናት» ልል ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ይህን ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ በደግ ነገር ልቅደመው ብዬ። አፌን ስከፍት ጉሌድ ተናገረ።

«የመዓሊን ናት። እናቴ ለእናቱ ሰጥታለች። ወደ ስማቸው ትዛወር።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አይደለም። ያው የድሮው ቅናት ነው። አሁንም ጉሌድ ቀደመኝ።

«ለማዛወር ማመልከቻ ያስፈልጋል» አለ ገማቹ። «ማን ይጽፋል?»

«እሱ ይጻፋ» አለ ጉሌድ። «የእሱ ማመልከቻ ማዘጋጃ ቤቱን በእግሩ ያስመጣል።» እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ጉሌድ እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሳቅም ቁጣም አልነበረበትም። «በዚህኛው ላይ ግን ከታች ስምህን ጻፍ፣ ወላሂ።»

ያማረ አረፍተ ነገር አልመጣልኝም። የሆነውን ብቻ ጻፍኩ፤ ማን ለማን እንደሰጠ፣ ግብሯን እስካሁን ማን ሲከፍል እንደኖረ። ከታች ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። ማታ ሰማያዊው ብርሃን እንደልማዱ ሳሎናችን ገባ። ዛሬም ዓይኔን ይወጋኛል፤ አልዋሽም። መጋረጃውን ግን አልዘጋሁትም፤ እናቴ እያየችው ነበር።