የጋሽ ሐጎስ ንቦችና የእኔ ድንጋይ

ባለፈው ጥቅምት ፒያሳ ላይ ሰው መታሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጃንጥላ። ከጊዮርጊስ ወጥቼ ማኪያቶዬን ልጠጣ ስሻገር፣ አዲሱ የመብራት ምሰሶ ላይ የኮበለለ ንብ ሰፍሮ ሕዝብ ተሰብስቧል። ንቡ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ገሚሱ በስልኩ ይቀርጻል፣ ገሚሱ "ቤንዚን አምጡ!" ይላል። አንድ ጎረምሳ ድንጋይ አንስቶ እጁን ወደ ኋላ ሲለጥጥ፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ አንጓው ላይ አሳረፍኩበት።

"ማዘር! ምን ነካዎት?"

የወደቀውን ድንጋይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አልፈርድባቸውም።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። ሰፈሩ ዛሬ የለም፤ በእኔ ጊዜ ግን ከቤቶቹ ቁልቁል ወንዙ ዳር፣ ጎመንና ዱባ የሚተከልባቸው ቁርጥራጭ ማሳዎች ነበሩ። አንዷ የአባቴ ነበረች። አባቴ ግንበኛ ነበርና መሬቱንም በቱምቢ የለካው ይመስል ነበር። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ አንዲት አረም የሌለበት፣ በየሳምንቱ የሚቆፈር ራቁት አፈር። በጋ ላይ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ያ አፈር ሽቅብ መጥቶ እናቴ ያሰጣችው ልብስ ላይ ይሰፍራል። እናቴ "ማሳህ ቤት ድረስ መጣልህ" ትለው ነበር።

ከጎኑ የጋሽ ሐጎስ ማሳ ነበረች። ጋሽ ሐጎስ ከትግራይ የመጡ ጡረተኛ አናጺ ናቸው፤ መሬታቸውን አይቆፍሩም ማለት ይቻላል። ጭድ ያለብሱታል። ከፒያሳ ኬክ ቤቶች የቡና ዝቃጭ በባልዲ እየተሸከሙ ያፈሱበታል፤ ሲያልፉ ሰፈሩ ቡና ቡና ይሸታል። ማገጡንና መቹን፣ ሌላው ነቅሎ የሚጥለውን አረም ሁሉ፣ እስኪያብብ ይተዉታል። ጥጉ ላይ በእበት የተለሰኑ አምስት ቀፎዎች ነበሯቸው።

"ጓለይ፣" ይሉኝ ነበር በትግርኛ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "አበባው ንቡን ያበላዋል፣ ንቡ ደግሞ ለአበባው ዘር ያስይዝለታል። ያ ዘር ነው ረግፎ በቅሎ መሬቴን የሚያለብሰው። እኔማ ምን ሠራሁ? ጭድ ብቻ።"

አባቴ "የሰነፍ ማሳ" ይለው ነበር። የሰነፉን ዱባ ግን አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። የእኛም ዱባ ደህና ነበር፤ አባቴ የገዛ እጁ ሥራ ይመስለው ነበር፣ እኔም እንደዚያው።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላኝ ጥቅምት፣ ጎመናችን ላይ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወጣበት። አባቴ መርዙን በጥብጦ፣ የመርጫውን ፓምፕ በጀርባው አዝሎ ጠዋት ወረደ። ጠዋት ማለት የዱባ አበባ አፉን ከፍቶ ንቡ ውስጡ የሚንከባለልበት ሰዓት ነው። ጎመኑን ረጨ፣ እግረ መንገዱን ዱባውንም ረጨ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

ረፋዱ ላይ እኔና አባቴ ማሳው ውስጥ ሳለን ጋሽ ሐጎስ ባርኔጣቸውን ይዘው መጡ። ባርኔጣው በሞተ ንብ ሞልቷል። አንዳንዱ ገና እግሩን ያንቀጠቅጣል። አባቴ እግር ላይ ገለበጡት።

"በአበባ ሰዓት?" አሉ። "በአበባ ሰዓት ትረጫለህ?"

አባቴ ጥፋቱን ያወቀ ይመስለኛል፤ ጥፋቱን ያወቀ ወንድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። "ንብህ የእኔን አበባ ሲመጥ ዝም ብዬህ ኖሬያለሁ!" አለ። ዘመኑን ሁሉ እርስዎ ሲላቸው የኖረውን ሰው አንተ አላቸው። ቀጥሎም በፓምፑ ቧንቧ ፊታቸውን መታቸው።

የጋሽ ሐጎስ ከንፈር ተሰንጥቆ ደም ጢማቸው ላይ ወረደ። ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ የአናጺ ክንድ አያረጅም። አባቴን አንስተው ጎመኑ ላይ አፈረጡት፣ ደረቱ ላይ ወጥተው አንገቱን አነቁት። የአባቴ ፊት ጠቆረ፣ ተረከዙ አፈሩን ይቧጥጣል። ጮኽኩ፤ የሰማኝ የለም። ከዚያ ድንጋይ አነሳሁ።

የጋሽ ሐጎስን ጭንቅላት ነበር ያለምኩት። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልገላቸው ነበር የወረወርኩት፤ ሳትኳቸውና ከኋላቸው ያለውን ቀፎ ፈረከስኩት።

ቀፎው ጥቁር ሆኖ ፈላ።

ጋሽ ሐጎስ የአባቴን አንገት ለቀው ተነሱ። አባቴ እንዳይሮጥ ጮኹበት፤ እሱ ግን እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። ላብና መርዝ የሸተተውን፣ የሚወራጨውን ሰው ንቦቹ አለበሱት፤ ራሱ አልታይ አለ፣ ጩኸቱ ብቻ ቀረ። ማሳው ዳር ታስሮ የነበረ በግ እየዘለለ በገመዱ ታንቆ ወደቀ። እኔን ዓይኔንና ከንፈሬን ነደፉኝ፤ ወንዙ ውስጥ ገብቼ በዚያ ቆሻሻ ውኃ አንገቴ ድረስ ተነከርኩ። ከዚያ ሆኜ ነው ያየሁት። ጋሽ ሐጎስ አባቴን ጠልፈው ጣሉት፣ ከመሬታቸው ላይ ያን እርጥብ ጭድ በእቅፍ እየገፈፉ ከመሩበት፣ ክምሩ ላይም በደረታቸው ተኙ። አሁን ሲያንቁት የነበረውን ሰው በገዛ ገላቸው ሸፈኑት።

ሰዉ ላምባ ይዞ የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አምስቱንም ቀፎ አቃጠሉ፤ ማሩ እየነደደ ወደ ወንዙ ወረደ። የጣፈጠና የከረፋ ሽታው ዛሬም ማር ስቀምስ ይመጣብኛል። አባቴ ተረፈ። ጋሽ ሐጎስም ከሆስፒታል ወጡ፤ ግራ ዓይናቸው ግን ዳግመኛ አላየችም። ቀፎውን ማን እንደሰበረው የጠየቀ አልነበረም። በድብድቡ የተሰበረ መሰላቸው፤ እኔም ዝም አልኩ።

በዓመቱ ዱባችን አበበና ፍሬው አውራ ጣት አክሎ፣ ቢጫ እየሆነ ረገፈ። አባቴ ዘሩን ረገመ፣ ሌላ ዘር ተከለ፤ እሱም ረገፈ። አንድ ጠዋት አብረን ስንወርድ ጋሽ ሐጎስ የእኛ ማሳ ውስጥ ተንበርክከዋል። የዶሮ ላባ ይዘው የወንዱን አበባ ብናኝ እየነኩ ሴቷን ይቀባሉ። ባንዲት ዓይን ስለሚያዩ ላባው ይስታቸዋል፤ ደግመው ይሞክራሉ።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ አባቴ። እርስዎ ማለቱን ሰማሁ።

"የንቦቹን ሥራ። የእኔን ጨርሼ ነው።"

አባቴ ማሳው መሃል ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ እሑድ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ በራቸው ላይ ተንበረከከ። ሄጄ ድንጋይ እንዳመጣለት የላከኝ እኔን ነበር። ከተቃጠለው ቀፎ ሥር ያችኑ የወረወርኳትን፣ ሰምና ጥላሸት የለበሰችውን አነሳሁ፤ ሌላ ማንሳት አቃተኝ።

ጋሽ ሐጎስ ድንጋዩን ከአባቴ ትከሻ አወረዱት። በአንዷ ዓይናቸው አገላብጠው አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ማወቃቸውን ያን ጊዜ አወቅሁ።

"እንኪ ጓለይ፣" አሉና እጄ ላይ አኖሩት። "ይቺ ለአባትሽ ትከብደዋለች።" ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ እስኪሞቱም አልተናገሩም።

አባቴ ከዚያ ወዲህ አልረጨም፤ ባልዲውን ይዞ ኬክ ቤት ለኬክ ቤት የሚዞረው እሱ ሆነ። የሁለቱን ማሳ ድንበር ለመለየት እስኪያስቸግር ጭዱም መቹም አንድ ሆነ። በሦስተኛው መስከረም፣ ማንም ሳይጠራው አንድ መንጋ መጥቶ አዲስ በተሠራ ባዶ ቀፎ ውስጥ ገባ። ጋሽ ሐጎስ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም ይባላል። በእኛ ቤት ተገልብጦ ነበር፤ የተወጋው ተወው፣ የወጋሁት እኔ አልረሳሁም። የፒያሳው ንብ አመሻሹ ላይ ተነስቶ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሄደ፤ እስኪሄድ ምሰሶው ሥር ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የዚያ ጎረምሳ ድንጋይ ቤቴ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው አሮጌው የእኔ ነው፤ እንግዳ ሲጠይቀኝ "ሰው የሰጠኝ ነው" እላለሁ።