ሣር የማያጭደው ማሽን

ውኃ ውስጥ ገብተው ግድብ የሚጠግኑ ጠላቂዎች ባሉበት መሥሪያ ቤት፣ ንብረት ክፍል በተቀጠርኩ የመጀመሪያ ቀን፣ የጠላቂዎቹ አለቃ ኢንጂነር ሳምሶን አፍንጫው ሾጣጣ፣ ከኋላው እንደ ቬንትሌተር የሚዞር ክንፍ ያለው ነገር አስታቀፉኝ። አማተብኩ።

«አይነክስም» አሉኝ። የውኃ ውስጥ ስኩተር ነበር። ጠላቂው በሁለት እጁ ይይዘዋል፤ ማሽኑ እየጎተተ ይወስደዋል።

ሥራዬ ከውኃ ሲወጣ ማጠብ፣ ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ፣ የክዳኑን የጎማ ቀለበት ጠርጎ ግሪስ መቀባት ነው። አንዲት ፀጉር ቀለበቱ ሥር ከቀረች ውኃ ይገባል። ከውኃ ውጭ ብዙ ማስነሣትም ክልክል ነው። በዚህ ሥራ ልጆቼን አሳደግሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንድ በጋ ኢንጂነሩ፣ አንድ ጠላቂና እኔ መንዝ ተላክን። የአንዲት ትንሽ ግድብ የውኃ መውጫ ተደፍኖ የገበሬው ነጭ ሽንኩርት እየደረቀ ነበር። በዚያ ብርድ ጠላቂው መውጫው ድረስ ቢዋኝ ጉልበቱ ያልቃል፤ ስኩተሩ የግድ ነው። መብራት ስለሌለ ያለን አንድ ሙሉ ባትሪ ብቻ።

መንገዱ የአገሩ ሰው በጋራ በሚጠብቀው የሣር ምድር፣ በጓሳ ያልፋል። ጓሳ ዝግ ነበር፤ እስኪከፈት ማንም ሣር አያጭድበትም። ጠባቂዎቹ ዕቃችንን የጫነችውን በቅሎ አስቁመው፣ ሸራውን ገልጠው፣ ክንፉን ሲያዩ ስኩተሩን ያዙት።

«ማጨጃ ነው» አሉ ከጠባቂዎቹ ሽማግሌው ጋሽ ደምሴ።

ኢንጂነሩ ውኃ ውስጥ ሰው እንደሚጎትት አስረዱ። ጋሽ ደምሴ በትዕግሥት ሰምተው፣ ከዚህ የተሻለ ውሸት ይዘው እንዲመጡ መከሯቸው። ከዚያ ይሞከር ብለው ፈረዱ። የጓሳው ሣር ለሙከራም አይነካምና ከጥበቃ ጎጇቸው ክዳን አንድ ጭብጥ ደረቅ ሣር መዘዙ። ኢንጂነሩ ባትሪው አሳዝኗቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«በስመ አብ» ብዬ አስነሣሁት፤ «አሐዱ አምላክ» ላይ አጠፋሁት። ሣሩ አልተቆረጠም። ክንፉ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ።

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ሣር እንኳ ካላጨደ ምን ብለሽ ትሸከሚዋለሽ?»

«ምን ላድርግ አባቴ፣ እንጀራዬ ነው።»

ስቀው ለቀቁን፤ ሊያዩም አብረውን ወረዱ። ግድቡ ዳር ተቀምጬ ሣሩን ከክንፉ በወስፌ ለቀምኩ። ጠላቂው ስኩተሩን ይዞ ገባ። ባትሪው እንዳይከዳው ስጸልይ ቆየሁ። በመጨረሻ ቦዩ ውስጥ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ውኃ መጣ። ተመስገን አልኩ።

«ይኼን አስቀድማችሁ አትነግሩንም ነበር?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ማሽን ይዛችሁ ሰው አገር ስትገቡ የሚሠራውን ብቻ አትናገሩ። የማይሠራውንም በዓይናቸው አሳዩ።