ስምንት ቁልፍና የግሉኮስ ቱቦ

ባለፈው ቅዳሜ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ለሞተሬ የፍሬን ዘይት ጠየቅሁ። ሻጩ ወጣት ዘይቱን ትቶ ሻንጣ የሚያህል ሳጥን ከፈተልኝ። ከፍሬን ውስጥ አየር ማስወጫ ሙሉ ዕቃ ነው አለ፤ መምጠጫ ፓምፕ፣ ሰዓት የመሰለ መለኪያ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ቱቦ። በዚያች ሳጥን ልብ ቀዶ መመለስ ይቻላል። “ጋሼ፣ ቤትዎ ቁጭ ብለው ብቻዎን ይሠሩበታል” ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። “ብቻዎን” የምትለዋ ናት ያሳቀችኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት ከደሴ ወደ ሐዋሳ የመጣሁ፣ ክብደቴ ከምላሴ የማይበልጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የተከራየሁት ሲስተር አልማዝ ግቢ ነው። ሲስተር ነርስ ናቸው፤ ክትባት ይዘው በሞተር ወደ ቱላ ገጠር ይሄዳሉ። አጭር ናቸው፤ ሞተሩ ላይ ሲወጡ ግን የሐዋሳ ሰው ሁሉ ከነከብቱ መንገድ ይለቅላቸዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የፊት ፍሬኑ እጀታ እንደ ረጠበ ስፖንጅ እጃቸው ላይ ተልፈሰፈሰ። ጋራዦች ዝግ ናቸው። በማግስቱ ቱላ ላይ ክትባት አለ፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው። ካልተሠራ እንደማይሄዱ፣ እናቶቹ ግን ሕፃን አዝለው ከሩቅ መጥተው በከንቱ እንደሚመለሱ ነገሩኝ።

እኔ ደግሞ አጎቴ ጋራዥ እንዳለው፣ የሞተር በሽታ በድምፁ ብቻ እንደምለይ ለግቢው ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። አጎቴ ጋራዥ ያለው እውነት ነው። የእኔ ሥራ እዚያ ሻይ ማመላለስ ነበር።

አየር ገብቶበታል አልኩ፤ ይህን እንኳ አውቅ ነበር። ከዚያ የግቢውን ብረት ሁሉ ሰብስቤ ሰሌን ላይ ደረደርኩ፦ መዶሻ፣ ሦስት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መጋዝ፣ ለምን እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ ያልገባኝ መጥረቢያ።

“ፍሬን ልትሠራ ነው ወይስ ቅርጫ ልትገባ?” አሉ ሲስተር።

ከሁሉ ፒንሳውን መረጥኩ። አየሩ የሚወጣባትን ትንሽ ቡሎን ነክሼ ሳዞር ተንሸራተተና አንድ ጠርዟን ላጣት። እንደገና ቢያመልጠኝ ቡሎኗ ትሞልጭና የቱላው ነገር እዚያው ያበቃል። ሲስተር እጄን ያዙ።

“ተው፣ ኢንጂነር። እኔ ደም ሥር ሲጠፋኝ ክንዱን ሁሉ አልበሳም። የልኳን ቁልፍ ፈልገህ አምጣ።”

ወደ ባጃጆች መቆሚያ በረርኩ፤ ነፋስ ከኋላዬ ቀረ። አንዱ ሹፌር አፉ ቀለበት የሆነ ስምንት ቁጥር ቁልፍ ነበረው፤ የተዋስኩትን ዕቃ እንዴት እንደምመልስ ስለሚያውቅ ግን የግራ ጫማዬን መያዣ ወሰደ። ቀኙን ለምን እንደተወልኝ ጠየቅሁት። “ለመመለሻ” አለኝ።

እያነከስኩ ስደርስ ሲስተር ከቦርሳቸው አዲስ የግሉኮስ ቱቦ አውጥተዋል። አንዱን ጫፍ ቡሎኗ ላይ፣ ሌላውን ቤት ከነበራቸው የፍሬን ዘይት ጥቂት የጨመሩበት የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተቱት። አየሩ እንዴት እንደሚወጣ ላስረዳቸው ስጀምር ቀና ብለው አዩኝ።

“አየር ከቱቦ ማስወጣት ለእኔ? በሽተኛ ላይ ከመሰካቴ በፊት የማደርገው ምን መሰለህ?”

ከዚያ ወዲያ እኔ ወደ ሻይ አመላላሽነቴ ተመለስኩ። እጀታውን ጨብጥ ሲሉኝ እጨብጣለሁ፤ ቡሎኗን ከፍተው እስኪዘጉ አልለቅም። ቱቦው ጥርት ያለ ስለሆነ አረፋው እርስ በርሱ እየተሽቀዳደመ ሲወጣ ይታያል። ዘይቱ ጎደል ባለ ቁጥር ከላይ እንጨምራለን። እጀታው ከመዳፌ ሥር እየጠነከረ መጣ፤ ደስታው ሊያፈነዳኝ ደረሰ። አለቀ አልኩ። አላለቀም አሉ። በቁልፉ ጀርባ የፍሬኑን ብረት ኳ ኳ ሲያደርጉት፣ ልክ ሲሪንጅ በጣታቸው እንደሚመቱት፣ የተደበቀች አንዲት አረፋ እያመነታች ወጣች። እጀታው ድንጋይ ሆነ።

“በል ከኋላ ውጣ።”

ፈተና አለብኝ አልኩ። ሲስተር ሞተሩን አስነሡ። “ራስህ የማትቀመጥበትን ነው ነገ እኔን የምታስቀምጠኝ?”

ተቀመጥኩ። ወደ አሞራ ገደል ስንከንፍ ሐይቁ እየቀረበ መጣ፤ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ተቀበለን። መንገዱ መሀል አንድ አባ ኮዳ አሞራ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ቆሟል፤ የመነቃነቅ ሐሳብ የለውም። ሲስተር ፍሬኑን ጨበጡ። አፍንጫዬ ጀርባቸው ላይ ተለጠፈ፤ ሞተሩ ከአሞራው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቀጥ አለ። አሞራው በንቀት አይቶን ወደ ዓሣ አንጀቱ ተመለሰ። እኔ በጭብጨባ ሐይቁን አናወጥኩት።

ሰኞ ግን ክፍል አልገባሁም። ሲስተር ቱላ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተገተርኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲደርሱ፣ ባዶውን የክትባት ሳጥን ተቀበልኳቸው።

ቅዳሜ ሳጥኑን ለወጣቱ ሻጭ መልሼ፣ ዘይት፣ አንድ ክንድ ቱቦና ስምንት ቁጥር ቁልፍ ስጠኝ አልኩት። ፓምፑ እኮ ይፈጥናል አለ። ይፈጥን ይሆናል። ግን ነገ ሞተሩን የምትነዳው ልጄ ናት፤ እጀታውን የምትጨብጠውም እሷው ትሆናለች፤ አለቀ የምትለኝም እሷው።