ለአቶ ዳንጊሶ የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ወር፣ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ የስኳር ሕመምን መከላከልና ሕክምናውን ማሻሻል የክልሉ ቀዳሚ የጤና ጉዳይ እንዲሆን ለመምከር በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ለረጅም ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁ በመሆኔ፣ ከጡረታ በኋላም እንዲህ ባሉ ጉባኤዎች ላይ እጋበዛለሁ። አንድ ትሑት ወጣት ባለሙያ በግድግዳው ላይ ጽሑፍ እያሳየ የችግሩን ምክንያቶች ይዘረዝር ጀመር። ከሁሉ በላይ የሰፈረው «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ» የሚል ነበር። በአዳራሹ ያለን ሁሉ ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን፤ እኔም ነቀነቅሁ። ራሴን ነቅንቄ ሳልጨርስ የአቶ ዳንጊሶ ፊት ታወሰኝ፤ ከዚያ በኋላ የተነገረውን አልሰማሁም።

የምጽፈው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን ነገር ነው። ትዝታዬን እንደ ታማኝ ምስክር አልቆጥረውም። አንዳንዱን ነገር በእርግጥ አይቼዋለሁ፤ አንዳንዱን ግን ኋላ ያወቅሁት ዕውቀት የጨመረብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ የምጠራጠረውን እንደ ጥርጣሬ፣ የማልጠራጠረውን እንደ እርግጠኛ ነገር ለይቼ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

በዚያን ጊዜ ከተማዋን አዋሳ እንላት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስመደብ ዕድሜዬ ሃያ አምስት ቢሆን ነው። በታቦር ተራራ ሥር፣ በአቶ ዳንጊሶ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አቶ ዳንጊሶ ፒያሳ ላይ በአንድ ሱቅ በረንዳ ልብስ የሚሰፉ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ጸሎት ቤት የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ሐና ብቻ ነበረች። ሐና ተማሪዬም ነበረች። የስኳር ሕመም ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች በሕይወት ልትቆይ አትችልም።

ከታቦር ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ በበጋ እንደ ዱቄት ይቦን ነበር። ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ሱሪያችን እስከ ጉልበት ይነጣል። ሙቀቱ ክፍሌን የማያስቀምጥ ሲያደርገው አመሻሽ ላይ ወንበሬን አወጣና ከአባትና ከልጅ ጋር ደጅ እቀመጣለሁ። የሐናን መድኃኒት የት እንደሚያኖሩት ያየሁት በእንዲህ ያለ ምሽት ነው። በጥላ ሥር እስከ አንገቷ የተቀበረች፣ ከሐይቁ የመጣ እርጥብ አሸዋ የተሞላች ማሰሮ ነበረች። ብልቃጦቹ በቆርቆሮ ሣጥን ሆነው በአሸዋው መካከል ይቀመጣሉ።

«ቲቸር፣ እጅዎን ያስገቡና ይዩት» አለችኝ ሐና። አስገባሁ። ቀዝቀዝ ይል ነበር።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«ነርሷ ናት» አሉ አቶ ዳንጊሶ። «አሸዋው እንዳይደርቅ ብቻ አለችን።»

«ጋሼ፣ ይህ ለመጠጥ ውሃ ነው እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም። መድኃኒት የሚቀመጠው በፍሪጅ ነው።»

«ፍሪጅ ከየት እናመጣለን፣ መምህር?»

«ጋሽ ከድር አላቸው።»

አቶ ዳንጊሶ ማሰሮዋን አዩ፤ ቀጥሎም እኔን አዩ። «መቼም እርስዎ ተምረዋል» አሉ።

ጋሽ ከድር አቶ ዳንጊሶ በበረንዳው ላይ የሚሰፉበት የሸቀጥ ሱቅ ባለቤት ነበሩ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጡትን ሁለት አዲስ ብልቃጦች ይዤ ሄድሁ። ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዙበትን ፍሪጅ ሲከፍቱልኝ ሳቁ።

«የስኳር በሽተኛ መድኃኒት ከለስላሳ ጋር አስተኛልኝ ትላለህ? ስኳሩ አይጋባበትም?»

«አይጋባም፣ ጋሽ ከድር።»

«ይልቅስ አንተው ራስህ ግባበት። በዚህ ሙቀት ከረባት አስረህ የምትዞር።»

አሁን የምጠራጠረው ቦታ ላይ ደርሻለሁ። የፍሪጁ በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ስላየሁ፣ የታችኛው መደርደሪያ አይበቃም ብዬ ብልቃጦቹን ከላይ፣ በረዶ በሚረጋበት ክፍል ውስጥ ያኖርሁ ይመስለኛል። የብርዱ መጠን በጨመረ ቁጥር መድኃኒቱ የሚሻለው መስሎኝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጋሽ ከድር «ጠርሙስ ይወድቅበታል፣ ወደ ላይ አድርገው» ሲሉኝ እሰማለሁ። ይህን በእርግጥ ብለውኛል ወይስ ጥፋቱን የሚካፈለኝ ሰው ስፈልግ በአፋቸው ያኖርሁት ቃል ነው? ጋሽ ከድር ሞተዋል፤ የሚነግረኝ የለም።

ክረምቱ ሲገባ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ፣ ደረሰ። አቶ ዳንጊሶ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ስለማይወዱ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ መሄድ ካቆሙ ቆይተው ነበር። ሐና ግን የክፍሏ ልጆች ሁሉ ስለሚሄዱ ለመነቻቸው።

«አባዬ፣ ለማየት ብቻ ነው።»

«ሄደሽ ሳትበዪ አትመለሺም። አክስቶችሽን አውቃቸዋለሁ።»

«ትንሽ እቀምሳለሁ።»

እሳቸውም ፈቀዱ። በዚያው ጠዋት ከጋሽ ከድር ዘንድ ያመጣሁላትን አዲስ ብልቃጥ ከፈተች። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና «ቲቸር፣ እንደ እርጎ ተቆራርጧል» አለችኝ። እኔም «ነቅንቂው» አልኋት። ይህን በእርግጥ ብላኛለች? ብልቃጡ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ፍርፋሪ በዓይኔ አያለሁ፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ካነበብሁት ተነስቼ የሣልሁት ሊሆንም ይችላል። ነቅንቃ ተወግታ ሄደች። ሲመሽ ከጉዱማሌ ስትመለስ ጭቃ የነካው ነጭ ልብሷን፣ ሳቋንና ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን የቡርሳሜን ሽታ ይዛ ገባች። ሁለት ጉርሻ ብቻ መብላቷን ለአባቷ ማለችላቸው።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠጥታ የማትረካ ሆነች። በአራተኛው ቀን አስመለሳት፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ሙዝ ይሸት ጀመር። አባቷ መርፌውን አላቋረጡም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ጨምረው ወጓት። በጋሪ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት ዝናቡ ስለበረታ ሸራ ለብሰን ነበር፤ ጭንቅላቷ በእኔ ጭን ላይ ነበር። በማግሥቱ ሳይነጋጋ ሞተች።

ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ሲቀንስ አቶ ዳንጊሶ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መምህር፣ ምን አጠፋን?»

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አልጠራጠርም። አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ እውነቱም እሱ ነበር። ነገር ግን የተማረ ሰው ተጠይቆ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

«ምናልባት በፍቼ የበላችው ይሆናል» አልሁ።

«የፈቀድሁላት እኔ ነኝ» አሉ።

ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ሳለሁ፣ አንድ ዘመዴ ዘንድ ከኢንሱሊን ካርቶን ውስጥ የወጣ ወረቀት አነበብሁ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ኃይሉን ስለሚያጣ ቢቀልጥም መጣል አለበት ይላል። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ካርቶኑ መለስሁት። ነርሷ ያስተማረቻቸው፣ አባትና ልጅ በየጠዋቱ ውሃ እያጠጡ የጠበቋት ማሰሮ በቂ ነበረች። ያላወቀው አዋቂ የተባለው ነው።

ወደ ከተማዋ ተመልሼ ብዙ ዓመት ኖሬ፣ ባጃጅ ጋሪውን ከተካ በኋላ፣ አቶ ዳንጊሶን ታቦር መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ምርኩዝ ይዘው ነበር። ከእኔ በፊት እሳቸው ለዩኝ።

«ልጃቸው ስኳር ያለበት ወላጅ ባገኘሁ ቁጥር እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። «እኔን እዩ፣ ለበዓል ብላችሁ አትፍቀዱ እላቸዋለሁ። በጸሎት ቤትም ቆሜ ተናግሬአለሁ። እውነቱን ስላልደበቁኝ እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ መምህር።»

«አሜን» አልሁ።

ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ቤታቸው ሄጄ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ያ ቀን ሳይመጣ መሞታቸውን ሰማሁ። ልጃቸውን በገዛ ፈቃዳቸው እንደ ገደሉ አምነው ሞቱ፤ ያሳመንኋቸውም እኔ ነኝ።

በዚያ ስብሰባ የሻይ ዕረፍት ላይ፣ ከታካሚ ቤተሰቦች ወገን ከገጠር ወረዳ የተጋበዘች አንዲት እናት አጠገቤ ቆማ ነበር። ሐኪም መሆኔን ጠየቀችኝ፤ አስተማሪ ነበርሁ አልኋት። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጤና ጣቢያቸው ኢንሱሊን ከጠፋ ሁለት ወር ስለሆነ፣ ያላት እንዲበቃት መጠኑን በግማሽ እየቀነሰች ትወጋዋለች። በቅርቡ ራሱን ስቶ ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አባቴ» አለች። «አመጋገቡን አልጠበቅሽም ብለውኛል።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እህቴ።»

ኮቴንና በደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የስም ካርድ አየች። «እንዲህ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች፤ አባባሏ ግን ደግ ሽማግሌን ላለማስቀየም እንጂ አምናኝ አልነበረም። ቀጥላም፣ «ታዲያ መድኃኒቱ መቼ ይመጣል ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልሁ። ይህን ቃል ለመናገር ዕድሜዬን ሙሉ ፈጅቶብኛል። እውነት ነበር፤ በልጇ ብልቃጥ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልጨመረም። የከሰዓቱ ውይይት ሲጀመር ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ወደ ወረዳዋ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና እንዳያመልጣት ወጥታለች አሉኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።