መምህር ይመርና የፍርስራሹ ድልድይ

መካነ ሰላም ላይ ኮንክሪት ያስተማሩን መምህር ይመር አረፉ። ባለፈው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፍላችሁ ተማሪያቸው ነኝ። ሐዘኔ ገና ትኩስ ነው፤ ንዴቴም እንደዚያው።

የድሮው ትምህርት ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹ ገደል ሊጣል ነበር። እርሳቸው ግን አስፈጭተው በጠጠር ፋንታ ሊሠሩበት ቆረጡ። ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ያግታል፤ እዚያ ላይ የእግረኛ ድልድይ አሰቡ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ወላሂ ይመር፣ አንዴ የፈረሰ ነገር ሰው አይሸከምም» አሏቸው።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ጥንካሬ የሚለካው መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገና ሲገቡ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈሩ። ሰው ሳቀ። እርሳቸው ስብርባሪውን በጣታቸው እያሹ «ደካማ አይደለም፤ ጠምቶት ነው» አሉን። ለካ በፍርስራሹ ላይ የተጣበቀው አሮጌ ስሚንቶ ለአዲሱ የለካነውን ውሃ ጠጥቶበት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ጠጠሩን ውሃ ውስጥ እያሳደርን፣ ላዩ ጠፈፍ ሲል አቦካነው። ናሙናው ጠነከረ። ከአዲስ ድንጋይ ኮንክሪት በጥንካሬ ጥቂት ማነሱን፣ ጭነት ሲበዛበትም ትንሽ ይበልጥ መጉበጡን ከማንም አልደበቁም። «ያነሰውን ካወቅህ ውፍረት ትጨምርለታለህ፤ የሚገድልህ የደበቅኸው ነው» ይሉኝ ነበር።

ከዓረብ አገር ወገቧን ታማ የተመለሰችውን ዘይነባን ሁሉም ሥራ ሲከለክላት፣ መምህር ጠጠሩ የሚነፋበትን ወንፊት ሰጥተዋት ከጎኗ ተቀመጡ። «አንቺና ይህ ጠጠር አንድ ናችሁ፤ የጣሏችሁ ሰዎች አያውቁም» ሲሏት ከት ብላ ሳቀች።

ድልድዩ አለቀ። የአሸዋ ጆንያ ደርድረን ፈተንነው፤ ቆመ። ሆኖም አንድ ኃላፊ «በቆሻሻ ላይ ሕዝብ አላሻግርም» ብለው በእሾህ አጠሩት። መምህር የምርመራውን ውጤት ይዘው በየቢሮው ተመላለሱ፤ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ ፈገግ ብለው «ግድ የለም፣ እኔን ተሸክማችሁ ታልፉበታላችሁ» አሉኝ። በጣም ተቆጣኋቸው።

የቀብሩ ዕለት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት ከእሾሁ ፊት ቆሙ። እነዚያው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። እስከ ወንዙ ከሸኙት ሴቶች መካከል ዘይነባ ወጥታ እሾሁን በባዶ እጇ ጎትታ ጎርፉ ውስጥ ጣለችው። «ምን ትጠብቃላችሁ? መምህሬን አሳልፏቸው!» አለች። አሳለፍናቸው። ያ ሁሉ ቀባሪ ተከትሎ ተሻገረ። ስንመለስ ከዳር ጎንበስ ብዬ የድልድዩን ሆድ አየሁት፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

መምህሬ፣ ትናንት ኃላፊው ሌላ እሾህ አስይዘው መጥተው ነበር። ሽማግሌዎቹ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋቸው። «ይመርን ያሻገረ ማንን ይጥላል?» ቢሏቸው የመጡበትን መንገድ ይዘው ተመለሱ። አላህ ይዘንልዎ፤ እርስዎ ደክመዋልና ይረፉ። እኛ እዚሁ ነን፤ የሚያጥር ካለ ይምጣ።