ጳጉሜ ስድስትን የበሉት ሰውዬ

የአታሚዎች ማኅበራችን ስም ሲነሳ ምራቄ ይመረኛል። ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም፤ ቢፍቱ እባላለሁ፣ አባል ነኝ። ኮተቤ ውስጥ መጽሐፍና ደብተር የምጠርዝባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ከግድግዳዬ ማዶ የጋሽ ኢታና ማተሚያ ቤት አለ። እሳቸው ያትማሉ፣ እኔ አጥፌ እጠርዛለሁ። የእሳቸው ማሽን ከቆመ እኔም ሥራ ፈታሁ ማለት ነው። ስለዚህ የማወራው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ጋሽ ኢታና እዚሁ የካ ተራራ ሥር ተወልደው ያደጉ ናቸው። አባታቸው ያርሱት የነበረው ማሳ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። እሳቸው ገና በጎረምሳነታቸው ሚሲዮኖች ማተሚያ ቤት ተቀጥረው ቀለም መንካት ጀመሩ፤ ያ ቀለም ይኸው ስድሳ ዓመት አልፏቸውም ከጥፍራቸው ሥር አልወጣም። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኢፍቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከማሽናቸው ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ወረቀት ስታጨማድድባቸው «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ይሏታል። ስድብ አያውቁም፤ ጴንጤ ናቸው፤ ቢበዛ ቢበዛ «ጌታ ይገሥጽሽ» ነው።

የአጥቢያቸውን የመዝሙር ደብተር፣ የሰንበት ትምህርቱን፣ የሠርግ ጥሪውን ሁሉ የሚያትሙት እሳቸው ነበሩ። በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችም ከእሳቸው አይወጡም። «ኢታና ያተመው ስህተት የለውም» ይባል ነበር። ሰውየው ከዚህች አባባል በላይ የሚመኩበት ሀብት አልነበራቸውም።

ማኅበሩ ሲመሠረት እያጨበጨብን የገባነው በምክንያት ነው። ትንሽ ማተሚያ ቤት ብቻውን ከውጭ ወረቀት ማስመጣት አይችልም፤ በማኅበር ሲሆን ግን ኮንቴይነሩ ይመጣና ለሁሉም ይከፋፈላል። የኅትመት ሥራ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄድ የሚሟገትልንም ማኅበሩ ነው ተባልን። ሊቀመንበራችን በአምላክ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ብሎ ጮኸ። አቶ በአምላክ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ብዕሬ እንቢ አለኝ። አልዋሽም፣ ወረቀቱን እውነትም አመጣ። ወረቀቱ በእጁ ከገባ በኋላ ግን እኛም አብረን በእጁ ገባን። ከዚያ ወዲህ ማኅበር ማለት አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ እንጦጦ ዳገት ላይ የእግር ጉዞ፣ ፎቶ፣ ሆቴል፣ እንደገና ፎቶ ሆነ።

አንድ ክረምት ማኅበሩ «የአገር ውስጥ አታሚዎች የቀን መቁጠሪያ» አውጥቶ ለመሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች ሊሸጥ ወሰነ። ማን ያትመው በሚለው ስንሻኮት ነሐሴ ገባ። ከዚያ በአምላክ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ወዳለው መጋዘን ጠራንና ካርቶን አሸከመን። ካርቶኑ ላይ ያለው የባዕድ አገር ጽሕፈት ነው። ለካ ሰውዬው በርካሽ ባሕር ማዶ አሳትሞት ኖሯል! ሽፋኑ ላይ ግን በትልቁ «የራሳችንን በራሳችን» ይላል። ግርጌውን ሳየው ደግሞ «አታሚ» ከሚለው ቀጥሎ የጋሽ ኢታና ማተሚያ ቤት ስም ሰፍሯል።

«አንጋፋችን እርስዎ ስለሆኑ ነው ጋሼ። ክብር ነው» አላቸው በአምላክ።

«ያላተምኩትን?» አሉ ጋሽ ኢታና።

«ማኅበሩ አተመ ማለት እርስዎ አተሙ ማለት አይደል እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ፣ አጨበጨበ። እሳቸውም አፍረው ፈገግ አሉ። በአክብሮት ለቀረባቸው ሰው እንቢ ማለት አይሆንላቸውም። ወይዘሮ ኢፍቱ አንዱን ወስደው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት።

የቀን መቁጠሪያው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደምትሆን ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጠው ሁሉ ያውቃል። የባሕር ማዶው አታሚ ግን ከየት ይወቅ? ያለፈውን ዓመት ናሙና ልከውለት ጳጉሜን በአምስት ዘጋት፤ ማክሰኞ መዋል የነበረባትን እንቁጣጣሽ ሰኞ አዋላት። የእኛዎቹም ሳያርሙ ተቀበሉት። ጳጉሜ ያለችው መጨረሻው ገጽ ላይ ነውና ዓመቱን ሙሉ ገልጦ ያያት የለም።

ዓመቱ ዞሮ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጉዱ ወጣ። የጋሽ ኢታና አጥቢያ ያንን የቀን መቁጠሪያ አምኖ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ጸሎቱን እሑድ ማታ ብሎ ለእንግዶች ጥሪ በትኖ ነበር። አንድ ትምህርት ቤትም ለወላጆች የላከውን ማስታወቂያ መልሶ ሰበሰበ። ይሄኔ ሰው ሁሉ ግርጌውን ማንበብ ጀመረ። የሰፈሩ ጎረምሶች ጋሽ ኢታናን «ጳጉሜ ስድስትን የበሉት ሰውዬ» አሏቸው። የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር «ፋዘር፣ ቀን መብላት ከቻሉ የቤት ኪራይ ቀናችንን ይብሉልን!» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀባቸው። ትምህርት ቤቶቹ መደወል አቆሙ። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሥራቸውን ለሌላ ማተሚያ ቤት እንደሰጡ የነገሯቸው ጸልየውላቸው ነው። ከስድቡ ሁሉ በላይ የጎዳቸው ያ ጸሎት ነው።

ከማኅበሩ የሚፈለገው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ይህን ያተመው ኢታና አይደለም» የሚል። ከጋሽ ኢታና ጋር ወደ በአምላክ ቢሮ ሄድን።

«ጋሼ፣ ውጭ አሳተምን ካልን እኮ ማኅበሩ አበቃለት» አለ በአምላክ። «ነገ ሥራ ለአገር ውስጥ አታሚ ይሰጥ ብለን በየትኛው አፋችን እንጠይቃለን?»

«እኔስ በየትኛው ስሜ ልሥራ?» አሉ ጋሽ ኢታና።

«ስም ይታደሳል። ጠቅላላ ጉባኤው ያየዋል፣ ፎርማሊቲ ነው። ኖ ፕሮብሌም!»

ይህን ሲል ስልኩን እየነካካ ነበር። አንገቱን ይዤ ከግድግዳው ጋር ላጋጨው ዳድቶኝ ነበር።

ጉባኤው ጥቅምት ላይ ተጠራ። ጋሽ ኢታና የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ተራቸው ሲደርስ ቆሙና «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ካርቶኑን አብረን ተሸክመናል። ከውጭ መምጣቱን ያየ እጁን ያውጣ» አሉ።

እጄን አወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ብቻዬን ነኝ። ቀለም ሲያልቅበት ከጋሽ ኢታና የሚበደረው አንገቱን ደፍቷል። ማሽኑ ሲበላሽበት እሳቸውን ከቤታቸው ጠርቶ የሚያሠራው የውኃ ጠርሙሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወረቀት የጫነው ኮንቴይነር በዚያው ሳምንት ሊከፋፈል ነበርና ሁሉም የሚያስበው ድርሻውን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኛው ግን ለጅቡ መንገድ የሚመራ ነው።

በአምላክ የውሳኔ ሐሳብ አነበበ። አባል ኢታና ለፈጸሙት የኅትመት ስህተት ሕዝቡን በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉ ከአባልነትና ከወረቀት ክፍፍል ይሰረዙ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል፣ ሞተው የነበሩት እጆች ሁሉ ተነሡ። ለካ እጅ ነበራቸው!

ጋሽ ኢታና ተዘጋጅቶ የቀረበላቸውን የይቅርታ ጽሑፍ እዚያው ፈረሙ። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ጮኽኩባቸው።

«ምን ብለው ይፈርማሉ? ያላጠፉትን!»

«ማሽኗ ያለ ወረቀት ብረት ናት፣ ቢፍቱ» አሉኝ። «የማስተዳድራቸው ሠራተኞች አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ልበላቸው?»

«ስምዎስ?»

ታክሲው መጣ፤ ቀድመውኝ ገቡ።

ይቅርታው ተባዝቶ ለትምህርት ቤቶች፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለአጥቢያው ሊበተን ተወሰነ። በአምላክም በስልክ ደወለላቸው። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። «ጋሼ፣ ወረቀቱን እርስዎ ያትሙት። ማኅበሩ አባላቱን ይደግፋል!» አባል ከሆኑ ጀምሮ ማኅበሩ ሥራ ሲሰጣቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ማሽኗ ስትነሳ ሰማሁና ሄድኩ። «እኔ ኢታና፣ በሙያዬ በፈጸምኩት ስህተት…» የሚለው ወረቀት እየተደራረበ ይወርዳል። እሳቸው አንዱን አነሡ፣ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፣ ቀለሙ አንድ ጥግ ላይ ስለሳሳባቸው ማሽኗን አቁመው አስተካከሉ። ለዚያ ቆሻሻ እንኳ እንዲህ ይጠነቀቃሉ። ማኅበሩን ተጸየፍኩት፣ የራሴን ሙያም ተጸየፍኩት። ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቄ ልቀደው ፈለግሁ፤ ግን ሥራቸው ነው፣ ምን ብዬ?

ሲጨርሱ ክምሩን አስተካክለው አቀፉትና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ቢፍቱ፣ ስታጥፊው ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።